መጨረሻውን ያልነገሩት ጸሐፊ

ፊልም ሊያሠራ የተነሣ ሰው በአቀማመጡ ይታወቃል። ካፌ ሲገባ ጀርባውን ለግድግዳ፣ ፊቱን ለበር ሰጥቶ ይቀመጣል። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ይደፋዋል። አጠገቡ ላፕቶፕ የከፈተ ሰው ካየ ቦታ ይቀይራል፤ እኔም በዚህ ጦስ ስንቱ ሸሽቶኛል። ከዚያ ማኪያቶውን አማስሎ፣ ግራ ቀኙን ገልመጥ አድርጎ፣ ሊቀጥረው ላሰበው ወጣት ጸሐፊ በሹክሹክታ ይነግረዋል፦ «እስከ ዛሬ ማንም ያልሠራው ታሪክ ነው።»

ታሪኩ የሀብታም ልጅ ደሃ ስታፈቅር ነው።

በዚህ አገር ይህን ታሪክ መደበቅ መርካቶን እንደ መደበቅ ነው። ቅዳሜና እሁድ ሲኒማ ቤት በር ላይ ተሰልፎ ያደገ ሁሉ የሀብታሙን አባት ቁጣ፣ የደሃውን ልጅ ኩራት፣ የቤት ሠራተኛዋን ቀልድ በቃሉ ይወጣዋል። ባለ ሐሳቡ ግን ታሪኩን የያዘው እንደ ጽላት ነው። አይታይም፣ አይነካም።

አንድ ክረምት ሃያ ሁለት አካባቢ፣ አሜሪካ ሲልቨር ስፕሪንግ ኖረው የመጡ ሰው አጠገቤ ጸሐፊ ሲቀጥሩ ነበር። ልጁ «ጋሼ» ስላላቸው እኔም ጋሼ ልበላቸው። ዝናቡ የካፌውን ቆርቆሮ ይደበድበዋልና ሹክሹክታቸው ወደ ጩኸት ተጠግቷል።

«ታሪኩ እኮ አልቋል» አሉት። «የቀረው መጻፍ ብቻ ነው።»

«እሺ ጋሼ፤ መጨረሻው እንዴት ነው?»

ጋሼ ወንበራቸው ላይ ተደገፉ። «መጨረሻውን አሁን አልነግርህም። እዚያ ስትደርስ እነግርሃለሁ።»

«መጨረሻውን ሳላውቅ መጀመሪያውን እንዴት ልጀምረው?»

«አንተ ዝም ብለህ ጻፍ። ጸሐፊ አይደለህ እንዴ?»

ልጁ ማስታወሻ ደብተሩ ላይ የሆነ ነገር ጫረ፤ ስድብ ሳይሆን አይቀርም። ትንሽ ቆይቶ የጋሼ ስልክ ጮኸ። ከሜሪላንድ አማቻቸው ነው። መስመሩ ስለሚቆራረጥ ስፒከር ላይ አደረጉት፤ እሱ «አይሰማም! አይሰማም!» ሲል፣ እሳቸው ከወንበራቸው ብድግ ብለው «መጨረሻ ላይማ ወንድሟ ሆኖ ይገኛላ!» ብለው አንባረቁ። ማኪያቶ ይዛ የመጣችው አስተናጋጅ «ውይ! በሞትኩት!» ብላ አፏን ያዘች። በዚያች ሰዓት የታሪኩን መጨረሻ ካፌው ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ፣ ሜሪላንድ ያለው አማች፣ ምናልባትም በር ላይ ሎተሪ የሚያዞረው ልጅ ያውቁት ነበር። በደንቡ ያልተነገረው ጸሐፊው ብቻ ነው።

የሚያስቀው ሕጉ ለዚህ ሁሉ ድብብቆሽ ደንታ የሌለው መሆኑ ነው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሐሳብን አይጠብቅም። የሚጠብቀው ሐሳቡ ተጽፎ የያዘውን መልክ ነው። የሀብታሟ ልጅና የደሃው ልጅ ፍቅር የሕዝብ ነው፤ ነገ ጠዋት እኔም፣ አስተናጋጇም ተነሥተን ብንጽፈው ከልካይ የለንም። ማን በየትኛው በር ገብቶ፣ ምን ተናግሮ፣ በምን ዝምታ እንደወጣ ከመጀመሪያው ሲን እስከ መጨረሻው የተጻፈው ግን ባለቤት አለው። ያ ደግሞ ጋሼ «የቀረው» ያሉት ነው።

ታዲያ ያ የቀረው ሲጻፍ ምን ይሆናል? ቴሌግራም ላይ ይለቀቃል። ሐሳቡን ለማውራት ወንበር የሚቀያይረው ሰው፣ ስክሪፕቱ ገና ከነትኩሳቱ እጁ ሲገባ እንደ በዓል መልእክት ይበትነዋል። ለዋናዋ ተዋናይት «እስቲ እያት፣ ሴቷ ትመስልሻለች?» ብሎ ይልካል። ስፖንሰር ያደርገኛል ላለው ባለ ፈርኒቸር ቤት ይልካል። «ፊልም ይገባዋል» ለሚባል የአክስት ልጅ ይልካል፤ በየዘመዱ ፊልም የሚገባው አንድ የአክስት ልጅ አይጠፋም። እነሱም በፋንታቸው ለባልና ለሚስት፣ ለጓደኛ፣ ለጸጉር ሠሪ ያስተላልፉታል። ሁሉም አስተያየት ይዞ ይመለሳል፤ አስተያየቱ ደግሞ በወሩ ድርሻ ይሆናል። «የሆስፒታሏን ሲን እኔ ነኝ ያመጣኋት» ይላል ባለ ፈርኒቸሩ። የአክስት ልጅ የሚጠይቀው ስሙ ፖስተር ላይ እንዲወጣ ብቻ ነው። ትሑት ነው።

ወደ ገንዘቡ ስንመጣ ነገሩ ይብሳል። ይህ ሰው ያገለገለች ቪትዝ ቢገዛ ሻጩን ይዞ ውልና ማስረጃ ይሄዳል፣ ይሰለፋል፣ መታወቂያ ያሳያል፣ ከመኪናዋ ላይ ዕዳ እገዳ አለመኖሩን ያጣራል። ክፍል ቢያከራይ ደላላው ፊት ሦስት ኮፒ ያስፈርማል። ለፊልም ግን ጸሐፊውን ትከሻው ላይ መታ አድርጎ «ውል ምን ያደርጋል፣ እኛ እኮ ቤተሰብ ነን» ይለዋል። ከተዋወቁ ገና ሳምንታቸው ነው።

አንድ ፕሮዲውሰር ለጸሐፊው ቀብድ በስልክ ሲያስተላልፍ «ምክንያት» የምትለዋ ሳጥን መጣችበት። ሰሞኑ ፋሲካ ነበርና «ለበዓል» ብሎ ሞላት። ያኔ ሁለቱም ሳቁ። ፊልሙ ወጥቶ ሲጣሉ ግን ፕሮዲውሰሩ ስክሪፕቱን ለመግዛቱ ያለው ማስረጃ ያቺው ናት። ወረቀቷም የምትመሰክረው አንድ ደግ ሰው ለሌላው የበግ መግዣ መላኩን ነው።

ጋሼን የሚያስደስት ወሬም አልጠፋም። አዋጁ በትእዛዝ ለተሠራ ሥራ፣ ተዋዋዮቹ ሌላ ስምምነት ከሌላቸው፣ የመጀመሪያው ባለመብት ሥራውን ያዘዘው ሰው ነው ይላል። ይህቺን ማንም ሳይነግራቸው የሚያውቋት ፕሮዲውሰሮች አሉ፤ ከአዋጁ ሁሉ የተነበበችላቸው እሷ ብቻ ናት። «ታዲያ ውሉ ለምን?» ይላሉ። ለምን መሰላችሁ፤ ሲካካዱ ጸሐፊው «አላዘዘኝም፣ ከመሳቢያዬ አውጥቼ ያሳየሁት የቆየ ድርሰቴ ነው» ሊል ይችላላ። ማዘዙን የሚያስረዳለት ማነው? የካፌዋ አስተናጋጅ? ደግሞ ተጽፎ ያለቀ ስክሪፕት የሚገዛ ከሆነ መብቱ የሚተላለፈው በጽሑፍ ነው። በጽሑፍ መሆን ያለበት ውል ደግሞ፣ በ1952 በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ መሠረት፣ ከተዋዋዮቹ ሌላ ሁለት ምስክሮች ካልፈረሙበት አይጸናም። ሁለት ምስክር ማግኘት በዚህ ከተማ ከባድ አይደለም። ከባዱ ምስክሮቹ ያላቸውን የፊልም ሐሳብ ሳያወሩ እንዲፈርሙ ማድረግ ነው።

የማይሸጥ ነገርም አለ፤ ስም። ገንዘብ የሚያስገኘው መብት ቢሸጥም «ደራሲው እኔ ነኝ» የማለቱ መብት ከጸሐፊው ጋር ይቀራል። ፖስተር ላይ ይህን የምትመስል ልማድ አይታችሁ ይሆናል፦ «የታሪክ ሐሳብ» በሚለው ሥር የፕሮዲውሰሩ ስም በትልቁ፣ «ድርሰትና ዝግጅት» በሚለው ሥር የዳይሬክተሩ ስም ከዚያ ተከትሎ፣ ጸሐፊው ደግሞ ከምግብ አቅራቢው ከፍ፣ ከስፖንሰሩ አርማ ዝቅ ብሎ።

ጋሼ አሜሪካ ኖረዋልና የዚያን አገር ሥርዓት እጠቅሳለሁ ይሉ ነበር። ቢጠቅሱት ግን ይጎዳቸዋል። እዚያ በቋሚነት ያልተቀጠረ፣ ለአንድ ሥራ ብቻ የታዘዘ ጸሐፊ የጻፈው ስክሪፕት የተፈረመ ወረቀት ከሌለ የጸሐፊው ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ ጓዳ ውስጥ ለአበሻ ተመልካች የሚቀረጽ ፊልምም ከዚህ አያመልጥም። በዚህ ጉዳይ በጣም የምወደው ታሪክ የዳይሬክተር ላሪ ኮኸን ነው። እ.ኤ.አ. በ1985 «ዘ ስተፍ» የሚባል አስፈሪ ፊልም ሠራ፤ ከመሬት የሚፈልቅ እርጎ መሰል ጣፋጭ የሚበሉትን ሰዎች መልሶ ሲበላቸው ያሳያል። ልዩ ትዕይንቶቹን ያሠራው በአንድ ድርጅት ነበር፤ ስለ መብቱ ግን አንድ መስመር አልተጻፈም። የፍንዳታዋን ሲን አልወደዳትምና ግማሽ ዋጋ ከፈለ፣ ቀረጻውን ግን ፊልሙ ውስጥ አስገባው። ድርጅቱ ከሰሰ። ኮኸን በፊልም ዓለም ወረቀት መፈራረም የተለመደ አይደለም ብሎ ተከራከረ፤ ቤተሰብ ነን ማለቱ ነው። በ1990 የይግባኙን ውሳኔ የጻፉት ዳኛ አሌክስ ኮዚንስኪ ቀልደኛ ነበሩና፣ ፊልም ሠሪዎች አብሮ ምሳ መብላት እንጂ ውል አይሆንላቸውም ብለው አሾፉበት። ባለቤትነት ለማስተላለፍ የሚያስፈልገው ታላቅ ሰነድ ሳይሆን የተፈረመበት አንድ መስመር መሆኑንም ነገሩት። በቀረጻው የመጠቀም ፈቃድ ቢያገኝም ባለቤትነቱ በሠሪዎቹ እጅ ቀረ። ሰዎችን ከሚበላ እርጎ ይልቅ ፕሮዲውሰሮችን ማስፈራት የነበረበት ይህ ነው።

«ከትርፉ ፐርሰንት እሰጥሃለሁ» የሚባለው ተስፋም የራሱ ታሪክ አለው። የዋሽንግተኑ ወግ ጸሐፊ አርት ቡክዋልድ አሜሪካ ስለመጣ አንድ አፍሪካዊ ንጉሥ ጥቂት ገጽ ጽፎ ለፓራማውንት ስቱዲዮ ሸጠ። ስቱዲዮው ሐሳቡን ትቼዋለሁ አለ። እ.ኤ.አ. በ1988 ኤዲ መርፊ የአፍሪካ ልዑል ሆኖ የመጣበት «ከሚንግ ቱ አሜሪካ» ወጣ። ቡክዋልድ ከሰሰ፣ በ1990ም ረታ። የረታው «ሐሳቤን ሰረቁኝ» ብሎ ስላለቀሰ አይደለም፤ በእጁ የተፈረመ ውል ስለነበረው ነው። ውሉ ግን ድርሻው ከተጣራ ትርፍ ላይ እንደሚታሰብ ይላል። ስቱዲዮው ሲያሰላ፣ ከ250 ሚሊዮን ዶላር በላይ ያስገባ ፊልም አንድም የተጣራ ትርፍ የለውም ብሎ ዐረፈው። በመጨረሻ ፍርድ ቤቱ በ1992 ለቡክዋልድ 150 ሺህ፣ ለሽርካው ለፕሮዲውሰሩ 750 ሺህ ዶላር ወሰነ። እኛ ጋ «ፊልሙ አላዋጣም» ብሎ መሐላ ለሚምል ፕሮዲውሰር ይህ ትልቅ መጽናኛ ነው፤ ሙያው ዓለም አቀፍ ነው።

ጸሐፊዎቹስ? እነሱን ዝም ብዬ ባልፍ ካፌው ውስጥ ቦታ አላገኝም። ፕሮዲውሰር ሐሳቡን ሲደብቅ ጸሐፊ ፋይሉን ይደብቃል። ስክሪፕቱን በፒዲኤፍ፣ በየገጹ ስሙን ሰያፍ አጋድሞ፣ ፊደሉ ከስሙ ሥር እንዳይታይ አድርጎ ይልካል። አንዳንዱ ደግሞ ለራሱ ኢሜይል ይልክና «ተመዝግቧል» ይላል። መመዝገብ የሚፈልግ የአእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን አለለት፤ መንገዱ ግን ከኢሜይሉ ይረዝምበታል። ቀብድ በልቶ ስልክ የሚቀይርም አለ። ሌላው ሣራን ሄለን፣ ጎንደርን ሐዋሳ አድርጎ ያንኑ ስክሪፕት ለሁለት ሰው ይሸጣል፤ ሁለቱ ገዢዎች የሚተዋወቁት በምርቃቱ ቀን ነው። አንደኛው ድራፍት ላይ አንድ ወር ሠርቶ አሥራ አንደኛውንም በዚያው ዋጋ የሚጽፈው የዋህ ደግሞ ሌላ ነው። ስንት ጊዜ እንደሚታረም ሳይነጋገር ጀምሮ፣ የፕሮዲውሰሩ ሚስት ሕልም ባየች ቁጥር ሦስት ሲን ይቀይራል።

ጋሼና ልጁ በስንት ጣጣ ለመፈራረም ተስማሙ። አማቻቸው ከሜሪላንድ «ያለ ወረቀት አንድ ብር እንዳታወጣ» ብሎ አስፈራርቷቸዋል አሉ። ውሉ ከአንድ ሌላ ፕሮዲውሰር በቴሌግራም ተላከላቸው፤ አራት ገጽ፣ ማኅተም ብቻ የቀረው። ቅርባቸው የተቀመጥኩት እኔ ነበርኩና አንዱ ምስክር ሁን ተባልኩ። ሳላነብ አልፈርምም አልኩ። ጋሼ ተቀየሙ፤ «ምን ያስነብባል፣ የተለመደ ውል ነው» አሉ።

አነበብኩት። አንቀጽ 4፦ «የሽንት ስክሪፕቱን ንጽሕና መጠበቅ የጸሐፊው ግዴታ ነው።» ደግሜ አነበብኩ። አንቀጽ 5፦ «ጸሐፊው ያለ ፕሮዲውሰሩ ፈቃድ በስክሪፕቱ ግድግዳ ላይ ምስማር አይመታም።» አንቀጽ 9፦ «አለመግባባት ቢፈጠር ጉዳዩ ሥልጣን ባለው ፍርድ ስክሪፕት ይታያል።»

ገባኝ። ውሉ በተወለደ ጊዜ የቤት ኪራይ ውል ነበር። አንድ ሰው ኮምፒዩተሩን «ተከራይ» ያለውን ጸሐፊ፣ «አከራይ» ያለውን ፕሮዲውሰር፣ «ቤት» ያለውን ሁሉ ስክሪፕት አድርግልኝ ብሎ አዝዞታል፤ ኮምፒዩተር ደግሞ ታዛዥ ነው። በዚሁ ታዛዥነት «ባለቤት» የሚለው በየቦታው «ባለስክሪፕት» ሆኗል። የባለቤትነት ውል ውስጥ ባለቤት የሚባል ቃል አንድም አልቀረም። ስክሪፕቱ የማን እንደሆነ፣ ስንት ድራፍት እንደሚጻፍ፣ ገንዘቡ በስንት ዙር እንደሚከፈል፣ ፖስተር ላይ የማን ስም እንደሚወጣ፣ ታሪኩ ነገ ተከታታይ ድራማ ሆኖ ዩቲዩብ ላይ ቢጫን ማን እንደሚጠቀም የሚል መስመር ፈልጌ አጣሁ። «ለሦስተኛ ወገን አሳልፎ ማከራየት ክልክል ነው» የምትለዋ ብቻ ሳታስበው ልክ ገብታለች። ስለ ንጽሕናው የሚለውን አንቀጽም፣ የመጀመሪያ ድራፍቶችን አንብቤ ስለማውቅ፣ ይቅር ለማለት አልደፈርኩም።

ልጁ ሳቀ። ጋሼ አልሳቁም፤ «ይስተካከላል» ብለው ሁለታችንንም ይዘው መንገዱን ተሻግረው ካለችው ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት ገቡ። ባለ ጽሕፈት ቤቱ ፍላሹን ሰክቶ ፋይሉን ከፈተ። ወደ ታች እየወረደ አንቀጽ 5 ላይ ሲደርስ እጁ ቆመ።

«ይሄ የኔ ውል ነው» አለ።

«የአንተ እንዴት ይሆናል? እኔ እኮ ከቴሌግራም ነው ያገኘሁት።»

«ምስማሯን እኔ ነኝ ያስገባኋት። ኮንዶሚኒየም ሰፈር ሳለሁ አከራዮች እየመጡ ሲያለቅሱብኝ። ሽንት ቤቷንም እኔ ነኝ። ማን ሰጣችሁ?»

ጋሼ እንደ መበሳጨት አሉ። «ውል ደግሞ ምን ባለቤት አለው? የሁሉም ነው።»

«የሁሉም ከሆነ ጋሼ፣ ባዶ ወረቀት ልስጥዎትና ራስዎ ይጻፉት። የቀረው መጻፍ ብቻ ነው።»

ልጁ ወደ ፎቶ ኮፒ ማሽኑ ዞሮ ሳል ሳል አደረገው። ጋሼ ለጥቂት ጊዜ ስክሪኑን አዩ፣ ሰዓታቸውን አዩ፣ ከዚያ ፈገግ ብለው እጃቸውን ባለ ጽሕፈት ቤቱ ትከሻ ላይ ጣል አደረጉ።

«ስማኝ ወንድሜ፣ እኛ እኮ ቤተሰብ ነን።»

«የቤተሰብ ሒሳብ ቅድሚያ ነው የሚከፈለው» አላቸው።